ከአጥር በፊት ጎረቤት፦ የቤትና የመንገድ ጥበቃ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ

የጭቃ ቤት በሩ ብረት ቢሆንም ግድግዳው ይሰረሰራል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ባሉት ትንንሽ ከተሞች ብዙው መኖሪያ ቤት በባሕር ዛፍ እንጨት ተማግሮ፣ በጭድና በጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ቤት ሰርሳሪ ይህን ያውቃል። ከበሩ ጋር ሳይታገል በጓሮ በኩል ከመሠረቱ አጠገብ ጭቃውን ፈርፍሮ፣ ሁለት ማገር ቆርጦ ይገባል፤ አለዚያም የጣሪያውን ምስማር ነቅሎ ቆርቆሮውን ይገለብጣል። ለዚህ ሁሉ ግን ማንም ሳያየው የሚሠራበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ የሚሰጡት ጨለማ፣ የተሸፈነ ጓሮና እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሰፈር ናቸው። የቤትና የመንገድ ጥበቃ ሥራ ሁሉ ሲጠቃለል ይህን ጊዜ መንፈግ ነው።

ሁለቱ ከተሞች የመንገድ ከተሞች ናቸው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውራ ጎዳና የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ፍኖተ ሰላምን፣ ቀጥሎም ቡሬን አቋርጦ ወደ እንጅባራ ይዘልቃል። ከቡሬ ሌላ መንገድ ተገንጥሎ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል። ቡሬ ላይ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቋቁሟል፤ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና ሆስፒታል አላት። ይህ ሁሉ እንግዳ ይስባል፦ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ጫኝና አውራጅ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ክፍል ተከራይ ተማሪ፣ አስታማሚ። ከተማ የሚያድገው በእንግዳ ነውና እንግዳን በጅምላ መጠርጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን ቀድሞ ሁሉም ሁሉን በስሙ በሚያውቅበት ሰፈር ያለ ድካም ይገኝ የነበረው ጥበቃ፣ ነዋሪው በየስድስት ወሩ በሚቀያየርበት ሰፈር ታስቦበት ካልተሠራ አይገኝም።

ስርቆት ወቅት አለው። ቡሬና አካባቢው በበርበሬ የታወቀ ነው፤ በበጋ በርበሬው፣ በቆሎውና ጤፉ ሲሸጥ በየቤቱ ጥሬ ገንዘብ ይገባል። ሠርግ የሚበዛውም በዚያው ሰሞን ነው። በክረምት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ የመጋዝንም የመዶሻንም ድምፅ ይውጣል፤ ውሻም ከዝናብ ይሸሸጋል፤ የራሰ ጭቃም በቀላሉ ይፈረፈራል። ከዚህ ሌላ ቤት ባዶ የሚቀርባቸው ቀኖች አስቀድመው የታወቁ ናቸው፦ የትንሣኤ ሌሊት፣ የጥምቀት ከተራና ማግስቱ፣ የገበያ ቀን። ከሁሉ የከፋው ቀብር ነው። ጥሩምባ ተነፍቶ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ፤ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅም ሌባው ያውቃል። እድር ድንኳን የሚተክልና ውኃ የሚቀዳ እንደሚመድብ ሁሉ፣ ቀብር ሳይሄዱ መንገዱን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎችን በተራ ቢመድብ ምንም ወጪ የለበትም፤ ሰዎቹም ከቀብር ቀራችሁ ተብለው ሊቀጡ አይገባም።

ቤቱን በማጠናከር ረገድ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው በሚታየው ነገር ላይ ነው፤ ትልቅ የብረት በር ያሠራል። የብረት በር ደካማ ጎን ግን መቃኑና ማጠፊያው ነው። መቃኑ ጭቃ ውስጥ በሁለት ምስማር ብቻ የተያዘ ከሆነ በሩ ከነመቃኑ ተፈንቅሎ ይወጣል። ማጠፊያው ወደ ውጭ የዞረ ከሆነም ጓጉንቸሩ ሳይነካ በሩ ከወዲያኛው ጎን ይከፈታል። ብየዳ ቤት ሲታዘዝ ማጠፊያው ወደ ውስጥ እንዲሆን፣ መቃኑም ከቋሚው እንጨት ጋር በረጅም ብሎን እንዲታሰር መንገር ያስፈልጋል። ጓጉንቸር የትም አገር የተሠራ ቢሆን የሚሰበረው የተንጠለጠለበት ቀለበት ቀጭን ሲሆን ነው። ሌሊት ደግሞ ከውስጥ የሚጣል ወፍራም የእንጨት መቀርቀሪያ ከብዙ ቁልፍ ይበልጣል፤ ከውጭ አይታይም፣ በተመሳሳይ ቁልፍም አይከፈትም።

ለጓሮ ግድግዳ የታችኛውን አንድ ሜትር ያህል በድንጋይና በሲሚንቶ መገንባት፣ አቅም ከሌለም የሽቦ መረብ ለብዶ በሲሚንቶ መለሰን ሰርሳሪውን ያዘገየዋል። የጣሪያው ቆርቆሮ በተለይ በጠርዙ በኩል ምስማሩ ተደጋግሞ ቢመታና ጫፉ ከውስጥ ቢቀለበስ በእጅ አይነሣም። በመስኮት ላይ የሚበየድ የብረት ፍርግርግ ጠቃሚ ነው፤ ሁሉም መስኮት ሲበየድ ግን ቤቱ ለነዋሪው ወጥመድ ይሆናል። ከሰል በሚነድበት፣ ሻማና ኩራዝ በሚበራበት ቤት ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት መሆን አለበት። ቁልፉም ልጆች በሚያውቁት ቦታ ይሰቀል። ንብረትን ከሌባ ሲያድኑ ሰውን ለእሳት መተው ትልቅ ጥፋት ነው።

አጥርን በተመለከተ በከተሞቹ የተስፋፋው ልማድ እንደገና ሊታሰብበት ይገባል። ቀድሞ አጥሩ የባሕር ዛፍ ርብራብ ወይም ቅጠል ያለው ተክል ነበር፤ ከመንገድም ከጎረቤትም ግቢው በከፊል ይታይ ነበር። አሁን ቁመቱ ከሰው በላይ የሆነ ቆርቆሮ ዙሪያውን ይተከላል። ቆርቆሮው ሌባን ለአንድ ደቂቃ ያህል ያግደዋል፤ አንዴ ከዘለለ በኋላ ግን ከዓይን ሁሉ ጋርዶ ሌሊቱን ሙሉ ያሠራዋል። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ጄን ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ትልልቅ ከተሞች በጻፈችው መጽሐፍ፣ የመንገድን ሰላም ከሁሉ በፊት የሚጠብቁት ከመስኮትና ከሱቅ በር ላይ ሆነው መንገዱን የሚያዩ ተራ ሰዎች ናቸው ብላ ተከራክራለች። አርክቴክቱ ኦስካር ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን ሐሳብ ወደ ቤት አሠራር አምጥቶ፣ ነዋሪው ሊያየውና የኔ ሊለው የማይችለው ጥግ ለወንጀል የተጋለጠ መሆኑን አሳየ። ለፍኖተ ሰላም ሰፈር ይህ ማለት በጓሮ በኩል ጎረቤት ከጎረቤት የሚተያይበት ክፍተት መተው፣ በመንገድ በኩልም የአጥሩን የላይኛውን ክፍል በቆርቆሮ ፈንታ በፍርግርግ መሥራት ማለት ነው። በአጥር ጥግ ላይ ቡና ጠጡ የሚባባሉ ሁለት ቤቶች በግንብ ከተለያዩ ሁለት ቤቶች ይልቅ የተጠበቁ ናቸው።

መብራት ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። ብራንደን ዌልሽና ዴቪድ ፋሪንግተን የተባሉ ተመራማሪዎች በብሪታንያና በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ የመንገድ መብራት በተሻሻለባቸው ሰፈሮች ወንጀል በአማካይ ወደ 21 በመቶ ያህል ቀንሶ አግኝተዋል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስገርመው ግኝት ሌላ ነው፤ የቀነሰው የሌሊት ወንጀል ብቻ ሳይሆን የቀንም ጭምር ነበር። አምፖል በቀን አይበራምና ምክንያቱ ብርሃኑ ብቻ ሊሆን አይችልም። መንገዱ ሲስተካከል ሰው ወደ ደጅ ይወጣል፣ ይተያያል፣ ለሰፈሩ መቆርቆር ይጀምራል፤ ሌባውም ባለቤት ያለው ሰፈር መሆኑን ይረዳል።

በምዕራብ ጎጃም ከተሞች የኤሌክትሪክ መቋረጥ የተለመደ ስለሆነ የመንገድ ምሰሶ አምፖልን ብቻ ማመን አይቻልም። በየደጃፉ አንድ አነስተኛ አምፖል፣ በመታጠፊያውና በድልድዩ አጠገብ ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ተደባልቀው ቢኖሩ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይቀራል። ፓውዛ የሚያሰቅል ባለ ሱቅ መብራቱን ወደ ታች ማዘንበል አለበት፤ በመንገደኛ ዓይን ላይ የሚያበራ ፓውዛ ከጀርባው ያለውን ጨለማ ይበልጥ ያጠቁረዋል። ከመብራት እጥረት በይበልጥ የሚጎዱት ሴቶች ናቸው። ማታ ከትምህርት የምትመለስ ተማሪ፣ ከምግብ ቤት ሥራ የምትወጣ አስተናጋጅ፣ ሌሊት ለመውለድ ወደ ሆስፒታል የምትሄድ እናት የሚያልፉበት መንገድ ተለይቶ መጀመሪያ መብራት የሚያገኘው እሱ ሊሆን ይገባል። የት የት እንደሚፈሩ ቢጠየቁ የሚሰጡት መልስ ከማንኛውም ባለሙያ ካርታ የተሻለ ነው።

ሰፈርን በጋራ መጠበቅ በዚህ አገር የቆየ ታሪክ አለው፤ ሁሉም ግን የሚመሰገን አልነበረም። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር በጎጃምና በሌሎችም አካባቢዎች የአገሩ ሰው አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ በሸዋ አፈርሳታ ይባላል። ነዋሪው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ካልተገኘም ካሣውን በጋራ ይከፍላል። ሌባሻይ ከዚህ የከፋ ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ይህ በመንግሥት መከልከሉ ትክክል ነበር። ከአውጫጭኝ ግን ሊወሰድ የሚችል ቁም ነገር አለ፦ በአንድ ቤት የደረሰ ስርቆት የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ነው የሚለው እምነት።

በከተማ የመንግሥት ጥበቃ የጀመረው በአዲስ አበባ ገበያ በአራዳ ዘበኛ ነው። ከጣልያን መባረር በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ፖሊስ በአገር ደረጃ ተደራጀ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ አደራጀ፤ ቀበሌውም ጥበቃን ተረከበ። በዘመነ ደርግ ጥበቃ ከፖለቲካ ቁጥጥር ጋር ተደባልቆ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚፈራበት ሁኔታ ተፈጠረ። ያ ትዝታ በሽማግሌዎች ዘንድ ዛሬም አልጠፋም። ስለ ሰፈር ጥበቃ ሲነሣ ሰው ቶሎ የማይተባበረው ግድየለሽ ሆኖ አይደለም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በአማራ ክልል የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ በየቀበሌው አንድ ፖሊስ መድቦ ከነዋሪው ጋር እንዲመክር የሚያደርግ ነው። ይህ አሠራር የሚሳካው ፖሊሱ ወሬ ለቃሚ ሳይሆን ስልኩ የሚነሣ ሰው ሲሆን ብቻ ነው።

በየሰፈሩ ነዋሪው አዋጥቶ የሚቀጥረው የሌሊት ዘበኛ ከሁሉም መንገዶች በይበልጥ የተለመደው ነው። ካፖርት ለብሶ፣ ዱላና ባትሪ ይዞ፣ ፊሽካ እየነፋ ይዞራል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት ዘበኛውን በዝቅተኛ ክፍያ ለአርባ ቤት ቀጥሮ፣ መጠለያ እንኳ ሳይሠሩለት፣ ሌብነት ሲደርስ መጀመሪያ እሱን መጠርጠር ነው። ዘበኛ ሲቀጠር ተያዥ ይጠራል፤ ስሙና ፎቶግራፉ ለቀበሌው ፖሊስ ይሰጣል፤ ክፍያው በወሩ መጨረሻ ሳይዘገይ ይከፈላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌሊት ፊሽካ ሲነፋ ማን ማን እንደሚወጣ አስቀድሞ ይወሰናል። ፊሽካው ተነፍቶ አንድም በር የማይከፈትበት ሰፈር ዘበኛውን ለአደጋ አጋልጦ የተኛ ሰፈር ነው። ሁልጊዜ በተወሰነ ሰዓት እንዲዞር ማድረግም ተገቢ አይደለም፤ ዙሩ በየሌሊቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ሌባው ሰዓቱን ይለምደዋል።

አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት በቅርብ ጊዜ ውስጥ እንደገና የመሰረቅ ዕድሉ ከሌላው ቤት ይበልጣል። ሌባው መግቢያውን አውቋል፤ የተሰረቀው ዕቃ ተተክቶ እንደሚገዛም ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ ኪርክሆልት በሚባል ሰፈር የተደረገው ሙከራ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነበር። ጥበቃውን በሁሉም ቤት ላይ ከመበተን ይልቅ በቅርቡ የተሰረቁትን ቤቶች ብቻ ለይተው አጠናከሩ፤ በዙሪያው ያሉ ስድስት ያህል ጎረቤቶችም ያን ቤት እንዲያዩ ተጠየቁ። በሦስት ዓመት ውስጥ የቤት ስርቆት በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ይህ ብልሃት ለእድር የተመቸ ነው። እድር ለሐዘን ገንዘብ እንደሚሰጥ፣ የተሰረቀ አባሉን ቤት ግድግዳ በአንድ ቅዳሜ ተሰብስቦ ሊጠግንለት ይችላል፤ አምስትና ስድስት ጎረቤቶች ለሁለት ወር ያህል ዓይናቸውን ከዚያ ቤት ባያነሡ ደግሞ ሁለተኛው ስርቆት ይከሽፋል።

የኪራይ ግቢ ለብቻው መታየት አለበት። በአንድ የውጭ በር ስምንትና አሥር ተከራይ የሚገባበት ግቢ ውስጥ በሩን መዝጋት የማንም ኃላፊነት አይሆንም። አከራዩ የእያንዳንዱን ተከራይ መታወቂያ ቅጂ መያዝ፣ ተከራይ ሲለቅ የውጩን በር ቁልፍ መቀየር፣ የመጨረሻው ገቢ በሩን እንዲዘጋ ሰዓት መወሰን ይገባዋል። ከተማሪ ክፍል በብዛት የሚጠፋው ስልክና ላፕቶፕ ነው። ስልክ ላይ ኮከብ መሰላል ዜሮ ስድስት መሰላል ሲመታ የሚወጣውን መለያ ቁጥር በደብተር መጻፍ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይወስዳል፤ ስልኩ ሲገኝ ባለቤትነትን የሚያስረዳው ያ ቁጥር ነው። ያለ ደረሰኝ በርካሽ የሚሸጥ ስልክ የሚገዛም ሰው ሌባውን የሚያኖረው እሱ መሆኑን ማወቅ አለበት። የተሰረቀ ዕቃ መሸሸግና መቀበል በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 የሚያስቀጣ ነው። ገንዘብን በተመለከተ የበርበሬ ሽያጭን ፍራሽ ሥር ከማስቀመጥ ባንክ ማስገባት ወይም በቴሌብር መቀበል ሌባን ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ጠብንም ይቀንሳል፤ የምስጢር ቁጥሩ ግን ለልጅም ለደላላም አይነገርም።

ገጠሩ ሌላ ችግር አለው። በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ ዙሪያና በወምበርማ ቤቶች ተራርቀው የተሠሩ ስለሆኑ የሚዘረፈው ከቤት ዕቃ ይልቅ በሬው ነው። አንድ ጥማድ በሬ ያጣ ገበሬ የዓመቱን እርሻ ያጣል። ስለዚህ በረቱ ከመኖሪያ ቤቱ ርቆ አይሠራም፤ መውጫው በመኖሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ይሆናል፤ ውሻውም በበረቱ በኩል ይታሰራል። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተብ አለበት፤ ያልተከተበ ጠባቂ ውሻ ከሌባ ይልቅ ለቤቱ ልጆች ያሰጋል። የበሬው ቀለም፣ ቀንድና ምልክት በጎረቤት ዘንድ መታወቁ፣ ቢቻል በስልክ ፎቶግራፍ መነሣቱ በሩቅ ገበያ ሲገኝ ለማስረዳት ይጠቅማል። እሪታ ሲሰማ ግማሹ ወደ ጮኸው ቤት፣ ግማሹ ወደ መሻገሪያውና ወደ መንገዱ መውጣቱን የገጠር ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ከብቱ ወደ ገበያ የሚነዳው ከመንጋቱ በፊት ነውና ዱካው ሳይጠፋ መንገዱን መያዝ ያስፈልጋል።

የተያዘ ተጠርጣሪን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ማንኛውም ሰው እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው በአንቀጽ 50 መሠረት እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ የያዘው ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። ፖሊስም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርበዋል። ከመያዝና ከማስረከብ መካከል ባለው ጊዜ የሚደረገው ድብደባ ወንጀል ነው። "ሌባ!" የሚል ጩኸት ሰምቶ ያገኘውን በድንጋይ የሚመታ ሰው የማያውቀውን ሰው ሊገድል ይችላል፤ ብዙ ጊዜም የሚመታው የሮጠው ሳይሆን የደነገጠው ነው። ራስን መከላከል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ቢፈቀድም ከአደጋው ጋር ተመጣጣኝ መሆን አለበት፤ የሚሸሽን ሰው ከኋላው መምታት መከላከል አይባልም። ጠመንጃም በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ያለ ፈቃድ አይያዝም። ካሜራ ያስተከለ ሱቅም ካሜራውን ወደ መንገዱና ወደ ራሱ በር እንጂ ወደ ጎረቤት ግቢ ማዞር የለበትም።

የሰፈር ጥበቃ የማይደርስበት ወሰንም አለ። በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም በደረሰው የአየር ጥቃት በወቅቱ እንደተዘገበው ቢያንስ 26 ሰዎች ተገድለዋል። ከዚያ በኋላ ለገንዘብ ሲባል ሰው ማገት በክልሉ ተስፋፋ። ፊሽካና አምፖል ይህን አያስቆሙም፤ ዱላ የያዘ የሰፈር ዘበኛም በታጠቀ ኃይል ፊት እንዲቆም አይጠየቅም። እንዲህ ባለ ጊዜ የጎረቤት ሥራ ሰውን ማትረፍ ነው፦ የብቸኛ አረጋዊትን ደጅ ማንኳኳት፣ የነፍሰ ጡሯን ቤት ማወቅ፣ መንገድ ሲዘጋ የጎደለውን እህል መካፈል፣ የልጆችን ውሎ መከታተል። ሰላሙን ማምጣት መሣሪያ የያዙትና የሚያዝዙት ወገኖች ዕዳ ነው።

የየሰፈሩ እድር ክረምት ሳይገባ በአንድ ወርኃዊ ስብሰባው ሦስት ጥያቄ ያንሣ፦ ባለፈው ዓመት የተሰረቀው ማን ነው፣ ግድግዳውስ ተጠግኗል ወይ፣ ሌሊት ሲጮህ ማን ይወጣል። የከተማ አስተዳደሮቹም ለአዲስ አጥር ፈቃድ ሲሰጡ መንገዱን የሚያሳይ ክፍተት እንዲኖረው ይጠይቁ፤ የተቃጠለ የመንገድ አምፖልም ጉዳት ሳይደርስ ይተኩ።